መርከቦችን ያዥጐረጐረው ሠዓሊ

ኖርማን ዊልኪንሰን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1878 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ተወለደ። ሙያው ባሕርንና መርከብን መሣል ነበር።

በ1917 የጀርመን ባሕር ሰርጓጆች የእንግሊዝን የንግድ መርከቦች ከነመርከበኞቻቸው ሲያሰጥሙ፣ የባሕር ኃይል መኰንን የነበረው ይህ ሠዓሊ መላ አገኘ። ጭስ እየተፋ የሚጓዝን መርከብ መሰወር አይቻልም፤ ነገር ግን በጥቁር፣ በነጭና በሰማያዊ ሸንተረር ቢዥጐረጐር ጠላት ወዴት እንደሚያመራ ይምታታበታል፤ የሜዳ አህያ መንጋ ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ቶርፔዶ የሚተኰሰው መርከቡ ሊደርስበት ወዳለው ስፍራ ነውና፣ አቅጣጫውን የተሳሳተ ተኳሽ ይስታል።

ከ2,000 በላይ መርከቦች ተቀቡ። ቀለሙ ስንቱን እንዳዳነ መርማሪዎቹ ማረጋገጥ ባይችሉም፣ የመርከበኞቹን ልብ ማጽናቱን አልካዱም። የእንስሳት ጥናት ሊቁ ጆን ግራሃም ኬር ሐሳቡን እርሱ ቀድሞ እንዳመነጨ ተከራከረ፤ ዳኞቹ ግን ለሠዓሊው 2,000 ፓውንድ ፈረዱለት። ኬር በ1914 ለባሕር ኃይሉ ጽፎ ነበርና ጥቂት ምስጋና ሳይገባው አይቀርም።

ዊልኪንሰን ወደ ሥዕሉ ተመልሶ በ1971 በ92 ዓመቱ ዐረፈ።