ኩስቶ፦ በሩን ከፍቶ ዘብ የቆመው ሰው

እኔ የተማርኩት ሕግ ነው። ሕግ ጥፋትንም ማቅለያውንም አብሮ ይመዝናል። የፈረንሳዊው ዣክ ኢቭ ኩስቶ የሕይወት ታሪክ በተነሳ ቁጥር ይኸው ልማዴ ይነሳብኛል።

ኩስቶ እ.ኤ.አ. በ1910 ተወለደ። ምኞቱ የባሕር ኃይል አብራሪ መሆን ነበር። በ1936 የደረሰበት የመኪና አደጋ ግን ክንዶቹን ሰባበረና ሕልሙን ቀጨው። ክንዶቹን ለማጠንከር መዋኘት ያዘ፤ በዋና መነጽር ቁልቁል ሲመለከት ያየው ዓለምም በዚያው ማርኮት ቀረ። በ1943 ከመሐንዲሱ ኤሚል ጋኛን ጋር ሆኖ፣ ጠላቂው ሲተነፍስ ብቻ በዙሪያው ካለው የውኃ ግፊት ጋር የተመጣጠነ አየር የሚለቅ መሣሪያ ሠራ። እነሆ ተራው ሰው ጀርባው ላይ ጋን አዝሎ ባሕር ለመውረድ በቃ።

በ1956 «ዝምተኛው ዓለም» የተባለው ፊልሙ በካን ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት ወሰደ። እንግዲህ ክሱ እዚህ ላይ ነው። በዚያው ፊልም ባልደረቦቹ ዓሣ ለመቁጠር ሲሉ ኮራሉን በድማሚት ሲያፈነዱ፣ ሻርኮችንም ሲጨፈጭፉ ይታያል።

መከላከያውስ? በ1960 ፈረንሳይ የኑክሌር ዝቃጭ ሜዲትራንያን ውስጥ ልትጥል ስታስብ ተቃውሞውን ከመሩት አንዱ እሱ ነበር፤ ዕቅዱም ቀረ። በ1963 በጎረቤታችን ሱዳን ዳርቻ፣ ሻዓብ ሩሚ በተባለው የቀይ ባሕር ኮራል ላይ፣ በ10 ሜትር ጥልቀት ቤት ተክሎ ሰዎቹን አንድ ወር ያህል አኖረ። በ1973 ለባሕር የሚሟገት ማኅበር አቋቋመ። በ1990 ለአንታርክቲካ ፊርማ አሰባሰበ፤ በ1991 አገሮች እዚያ ማዕድን ማውጣትን የሚከለክል ፕሮቶኮል ፈረሙ። በ1997፣ በ87 ዓመቱ አረፈ።

ዛሬ በካሪቢያን፣ በጓደሎፕ ደሴት በስሙ የሚጠራ ጥብቅ የባሕር ሥፍራ አለ። ከ2009 ጀምሮ የብሔራዊ ፓርኩ አካል ሆኗል። ጠላቂው ይወርዳል፣ ያያል፣ ባዶ እጁን ይወጣል።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው። ድማሚቱን ማንም አይፍቅለትም፤ ፊልሙ ራሱ ምስክር ነው። ነገር ግን ማንም ላላየው ነገር ጥበቃ የሚደነግግ ሕግ አውጪ የለም። ሚሊዮኖችን የዓይን ምስክር ያደረገው ኩስቶ ነው። ያለ ምስክር ደግሞ ባሕሩ ከመጀመሪያውም ተረትቶ ነበር።