ለወታደሩ ደመወዝ የተሟገተው አገረ ገዥ

ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ሲነገር የጄኔራሎቹ ስም ይነሣል። ሠራዊቱን አደራጅተው፣ አልብሰው የላኩት ግን እምብዛም አይወሱም። ከእነዚህ አንዱ የማሳቹሴትስ አገረ ገዥ ጆን አልቢዮን አንድሩ ነው።

አንድሩ እ.ኤ.አ. በ1818 ዛሬ በሜይን ግዛት በምትገኘው ዊንደም ተወለደ። በ1837 ከቦውደን ኮሌጅ ተመርቆ በቦስተን ጠበቃ ሆነ። የባርነት ጽኑ ተቃዋሚ ስለ ነበረ፣ ጆን ብራውን በ1859 ለፍርድ ሲቀርብ ለመከላከያው ገንዘብ አሰባስቧል።

በጥር 1861 ሥልጣን እንደ ያዘ የግዛቲቱን ሚሊሺያ ማሰናዳት ጀመረ። ጦርነት ገና ሳይታወጅ ለወታደር ካፖርት በማስገዛቱ ገንዘብ አባካኝ ተብሎ ተነቀፈ። በሚያዝያ ሊንከን ጦር ሲጠራ ግን 6ኛው የማሳቹሴትስ ሬጅመንት በጥቂት ቀናት ውስጥ ተንቀሳቀሰ። በባልቲሞር ሁከተኞች አደጋ ጥለውበት አራት ወታደሮች ሲሞቱ፣ አንድሩ አስከሬናቸው በበረዶ ተጠብቆ በክብር እንዲላክለት ለከተማው ከንቲባ በቴሌግራም አሳሰበ።

ስሙን በታሪክ ያተመው ግን 54ኛው ሬጅመንት ነው። በ1863 መጀመሪያ ጥቁሮችን ለማስታጠቅ ከጦር ሚኒስትሩ ከስታንተን ፈቃድ አገኘ። መኮንኖቹ ነጮች እንዲሆኑ ግን ዋሽንግተን ወሰነች። አዛዡ ኮሎኔል ሮበርት ጉልድ ሾው ሲሆን፣ የፍሬድሪክ ዳግላስ ሁለት ልጆችም ከተመዘገቡት መካከል ነበሩ። ሐምሌ 18 ቀን 1863 ሬጅመንቱ የዋግነርን ምሽግ አጠቃ፤ ምሽጉ አልተያዘም፤ ሾው ከብዙ ወታደሮቹ ጋር ወደቀ።

ለእነዚህ ሰዎች ቃል የተገባው ደመወዝ በወር 13 ዶላር ነበር። መንግሥት ግን 10 ዶላር ወስኖ ከዚያም ላይ 3 ዶላር ለልብስ ይቀንስ ጀመር። ነጩ ወታደር 13ቱን ሲቀበል ማለት ነው! ቃሉን የሰጠው አንድሩ ስለ ነበረ ጉዳዩ እንደ ግል ዕዳው ከነከነው። የግዛቲቱ ምክር ቤት ጉድለቱን እንዲሞላ አስወሰነ። ወታደሮቹ ግን የጎደለው ገንዘብ ብቻ አይደለም ብለው ይህንንም አልተቀበሉም። ቤተሰቦቻቸው በችግር እየማቀቁ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ደመወዝ ተዋጉ። አንድሩ ፕሬዚዳንቱንና ባለሥልጣናቱን ደጋግሞ ወተወተ። በሰኔ 1864 ኮንግረስ እኩል ደመወዝ ፈቀደ፤ ውዝፉም በዚያው ዓመት መጸው ለ54ኛው ተከፈለ።

አንድሩ አምስት ዘመነ ሥልጣን አገልግሎ በጥር 1866 ወደ ጥብቅናው ተመለሰ። ጥቅምት 30 ቀን 1867 በ49 ዓመቱ በቦስተን ዐረፈ፤ መቃብሩም በሂንግሃም ይገኛል።