ሎርድ ኬልቪንና የባሕር ሥር ኬብል

ኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባሉት ዊልያም ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1824 ቤልፋስት ተወለዱ። በ22 ዓመታቸው የግላስጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነው በዚያው ወንበር 53 ዓመት አስተማሩ።

የባሕር ሥር ኬብልን መመርመር የጀመሩት በ1854 ነው። ኬብል ምልክት ማሳለፊያ ብቻ ሳይሆን፣ በመዳቡና በዙሪያው ባለው ውኃ መካከል ቻርጅ የሚያጠራቅም ዕቃም ነው። ስለዚህ ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን የምልክቱ መዘግየት አራት እጥፍ እንደሚደርስ በስሌት አሳዩ። (ዛሬም ረጅም ገመድ የኤሌክትሪክ ጊታርን ቀጭን ድምፅ የሚያደበዝዘው በዚሁ ካፓሲታንስ ነው፤ እዚያ ግን ጣጣው የሚመጣው ገመዱ ከጊታሩ የድምፅ መቀበያ ጥቅልል ጋር ሲጣመር ነው።)

የአትላንቲክ ቴሌግራፍ ኩባንያ የኤሌክትሪክ ሹም፣ ቀድሞ ሐኪም የነበረው ዋይልድማን ዋይትሃውስ፣ ይህን ሕግ በአደባባይ ተቃወመ። በ1858 ኬብሉ ሲዘረጋም 2000 ቮልት ገደማ ለቀቀበት። ኬብሉ ከመነሻው እንከን ነበረበት፤ ሆኖም ይህ ግፊት ጥፋቱን ሳያፋጥነው አልቀረም፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ጸጥ አለ። የቶምሰን መንገድ ተቃራኒው ነበር፦ መዳቡን ማወፈር፣ መሸፈኛውን ማጠንከር፣ ደካማውን ምልክት ደግሞ ራሳቸው በሠሩት ባለመስታወት ጋልቫኖሜትር ማንበብ።

በ1866 ግሬት ኢስተርን የተባለችው መርከብ የዘረጋችው ኬብል ሠራ። ቶምሰንም በዚያው ዓመት የሰር ማዕረግ ተቀበሉ። በ1907 ሲሞቱ ዌስትሚንስተር አቤይ ውስጥ በኒውተን መቃብር አጠገብ ተቀበሩ።