ፋቢያን ዌር፦ የሙታን ስም መዝጋቢ

ስለ ታዋቂ ሰዎች ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሱት የጦር መሪዎች፣ የሳይንስ ሊቃውንትና ደራስያን ናቸው። የዛሬው ሰው ግን ጦር አልመራም፤ አዲስ መሣሪያም አልፈለሰፈም። ሥራው የሞቱ ወታደሮችን ስም መመዝገብ፣ የተቀበሩበትን ቦታ ማስከበርና ለዚህ የሚሆን ገንዘብ መፈለግ ነበር። ደግሞም ከእኛው ሙያ የወጣ ነው። (የጎንደሩን ጦርነት ቀን ካልሆነ በቀር እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ፋቢያን ዌር በ1869 በእንግሊዝ አገር፣ በብሪስቶል ከተማ፣ ክሊፍተን በሚባል ሰፈር ተወለደ። በልጅነቱ የተማረው ቤት ውስጥ ነው። አባቱ ሲሞት የትምህርቱን ወጪ የሚሸፍንለት ስላልነበረ ገና በወጣትነቱ ጠመኔ ጨበጠ። እያስተማረ ተማረ፤ በ1894ም በፓሪስ ዩኒቨርሲቲ በሳይንስ ተመረቀ። ወደ አሥር ዓመት ያህል በመምህርነት ከቆየ በኋላ በ1901 ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በትራንስቫል የትምህርት ምክትል ዳይሬክተር ሆነ፤ በ1903 ደግሞ ዳይሬክተር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ዌር ያገለገለው የቅኝ ገዥዎችን አስተዳደር ነው፤ አስተሳሰቡም ከዚያ የወጣ አልነበረም። ወደኋላ እንመለስበታለን። ከ1905 እስከ 1911 ሞርኒንግ ፖስት የተባለው የለንደን ጋዜጣ አዘጋጅ ነበር።

በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ዌር 45 ዓመቱ ነው። ልዝመት ቢል ዕድሜህ አልፏል ተባለ። እሱ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ወዳጅ አፈላልጎ የቀይ መስቀል ተንቀሳቃሽ የአምቡላንስ ቡድን ኃላፊ ሆኖ ፈረንሳይ ገባ። ሥራው ቁስለኛ ማንሳት ነበር። ታዲያ በየመንደሩ፣ በየእርሻው ዳር አዳዲስ መቃብሮች ያያል። በአንዳንዱ ላይ የእንጨት መስቀል ቆሟል፤ ስሙ በእርሳስ ተሞነጫጭሯል። ሁለት ሦስት ዝናብ ከወረደበት በኋላ ያ ስም የለም። ማን እንደተቀበረ የሚያውቀው ጓደኛውም ነገ ሌላ ግንባር ይላካል፤ ወይም ራሱ ይሞታል።

ዌር መመዝገብ ጀመረ። ያዘዘው አልነበረም። ሰዎቹ መቃብር ባገኙ ቁጥር ስሙን፣ የጦር ክፍሉንና ቦታውን ይጽፋሉ፤ መስቀሉንም በማይለቅ ጽሑፍ ያድሱታል። እኛ በማስተማር ልምምድ ጊዜ የክፍል ስም መጥሪያ ስንይዝ አንድ ስም መዝለል ቀላል ስሕተት ይመስለናል፤ ለተዘለለው ልጅ ግን ቀላል አይደለም። የዌርም ሥራ የዚህ ዓይነት ጥንቃቄ ይጠይቅ ነበር፤ ልዩነቱ አቤት የሚል አለመኖሩ ነው። በመጋቢት 1915 የእንግሊዝ ጦር ቡድኑን በይፋ ተቀበለው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የተመዘገቡት መቃብሮች ከ31,000 በላይ ሆኑ፤ በግንቦት 1916 ደግሞ 50,000 ደረሱ። ልጃቸው የት እንደወደቀ ለሚጠይቁ ቤተሰቦች መልስ ይጻፍላቸዋል፤ የመቃብሩም ፎቶግራፍ ይላክላቸዋል።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ከባድ ነበር። በ1915 የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር የግላድስተን የልጅ ልጅ ፈረንሳይ ውስጥ ሲገደል ቤተሰቡ አስከሬኑን አስወጥቶ ወደ አገሩ ወሰደው። የድሃው ልጅስ? ለእሱ ማን መርከብ ይከራይለታል? ዌር ይህን አጥብቆ ተቃወመ። ሁሉም አብረው በወደቁበት ይቀበሩ፤ ጄኔራሉም ተራ ወታደሩም አንድ ዓይነት ድንጋይ ይቁምላቸው የሚል አቋም ያዘ። ፈረንሳይም በታኅሣሥ 1915 ባወጣችው ሕግ ለመቃብሮቹ የሚሆን መሬት ለዘለቄታው ሰጠች።

በግንቦት 21 ቀን 1917 የእንግሊዝ ግዛቶች የጦር መቃብር ኮሚሽን በንጉሣዊ ቻርተር ተቋቋመ። ፕሬዚዳንቱ አልጋ ወራሹ ነበር፤ ሥራውን የሚያንቀሳቅሰው ግን ምክትል ሊቀ መንበሩ ዌር ነው። ከጦርነቱ በኋላ ግን ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ቃል ደስ ብሎት የተቀበለው እንዳይመስላችሁ። በ1919 ሦስት ወንዶች ልጆቿን ጦርነቱ የበላባት እመቤት ፍሎረንስ ሴሲል በድንጋዩ ፈንታ መስቀል እንዲፈቀድ 8,000 ያህል ፊርማ ያለበት አቤቱታ አቀረበች። እናት ናት፤ ሐዘኗን ማን ይነቅፋል? መንግሥት የወሰደውን ልጅ ሞቶም እንኳ አይመልስም ወይ ያሉ ብዙ ነበሩ። ጉዳዩ በግንቦት 4 ቀን 1920 በፓርላማ ክርክር ተደርጎበት የኮሚሽኑ ዕቅድ ጸና። እኔ በዚህ ከዌር ጋር ነኝ፤ ቢሆንም የእናቶቹ ጥያቄ ሙሉ መልስ ያገኘ አይመስለኝም።

ገንዘቡስ ከየት መጣ? ለእኔ ከዌር ሥራ ሁሉ የሚበልጠው ይኸ ነው። ሐውልት በስሜት ይቆማል፤ ሣሩን በየሳምንቱ ማጨድ ግን በጀት ይጠይቃል። በ1918 አገሮቹ በአንድ ቀላል ስሌት ተስማሙ፤ እያንዳንዱ መንግሥት በመቃብሮቹ ቁጥር ልክ ይክፈል። በዚህ መሠረት ከአምስት እጅ አራቱ ያህል በብሪታንያ ላይ ወደቀ፤ የቀረውን ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድ፣ ደቡብ አፍሪካና ህንድ ተካፈሉት። ለአንድ መቃብር 10 ፓውንድ ያህል ተገመተ። ቤተሰብ ከድንጋዩ ግርጌ የራሱን ቃል ማስቀረጽ ቢፈልግ እስከ 66 ፊደል ተፈቀደለት፤ ለአንዱ ፊደል ሦስት ፔንስ ተኩል ይጠየቅ ነበር። እኩልነት እየተባለ ድሃዋ እናት ፊደል እየቆጠረች እንድትከፍል መደረጉ አይጥምም፤ በኋላ ክፍያው በፈቃደኝነት ሆነ።

ዌር ሌላም ነገር ገብቶታል። ዛሬ ሐዘኑ ትኩስ ስለሆነ መንግሥታት ይከፍላሉ፤ ከሃያ ዓመት በኋላስ? ሥራ አጥ ሲበዛ፣ ግምጃ ቤቱ ሲጎድል መጀመሪያ የሚቆረጠው ዝም ያለ ሰው ገንዘብ ነው፤ ከሙታን የበለጠ ዝም ያለ ደግሞ የለም። ስለዚህ በየዓመቱ ከመለመን ይልቅ ቋሚ ተቀማጭ እንዲኖር ተሟገተ። በ1926 የ5 ሚሊዮን ፓውንድ ተቀማጭ በባለአደራዎች እጅ እንዲጠራቀም ተወሰነ። ዋናው ሳይነካ ወለዱ ለአትክልተኛው ደመወዝ፣ ለዘሩ፣ ለድንጋዩ እድሳት እንዲውል ነው።

ግንባታው ፈጣን ነበር። በ1923 በወር ከ4,000 በላይ የመቃብር ድንጋይ ወደ ፈረንሳይ ይጫን ነበር። በ1927 ፈረንሳይና ቤልጅግ ውስጥ ከ500 የሚበልጡ መካነ መቃብሮችና 400,000 ያህል ድንጋዮች ቆመው ነበር። አስከሬናቸው ላልተገኘው ስማቸው በግንብ ላይ ተቀረጸ፤ በ1927 በተመረቀው የሜኒን በር ላይ ከ54,000 በላይ፣ በ1932 በቲፕቫል ደግሞ ከ72,000 በላይ። የኮሚሽኑ አባል የነበረው ደራሲ ሩድያርድ ኪፕሊንግ አንድ ወንድ ልጁ በ1915 ጠፍቶበት በ1936 እስኪሞት ድረስ መቃብሩን ሳያውቅ ቀረ። በ1935 ዌር የትናንት ጠላት ከነበሩት ጀርመኖችና ከፈረንሳዮች ጋር ስለ መቃብር ጥበቃ የጋራ ኮሚቴ እንዲቋቋም አደረገ። ከአራት ዓመት በኋላ ግን እነዚያው አገሮች እንደገና ተዋጉ።

እንግዲህ ቀደም ብዬ ያቆየሁት ጉዳይ እዚህ ይመጣል። ለሁሉም እኩል የተባለው ደንብ አፍሪካ ሲደርስ ተሸራረፈ። በምሥራቅ አፍሪካ ዘመቻ ስንቅና ጥይት ተሸክመው በበሽታና በረሃብ ያለቁት ጥቁር ሕዝቦች አብዛኞቹ ስማቸው የተቀረጸ ድንጋይ አላገኙም። በናይሮቢ፣ በሞምባሳና በዳሬሰላም ስም የሌለባቸው ሐውልቶች ቆሙላቸውና በዚያው ታለፉ። ቅኝ ገዥዎች የአገሬው ሰው የመቃብር ድንጋይ ትርጉም አይገባውም እያሉ ያመካኙ ነበር። ሙታንን እስከ ተዝካር የማይረሳ አፍሪካዊ አይገባውም? ኮሚሽኑን የሚመራው ዌር ነበርና ከዚህ ተጠያቂነት አይድንም።

በ1939 ዌር ሰባ ዓመት ሞልቶት እያለ የመቃብር ምዝገባው እንደገና ተሰጠው። ጦርነቱ እኛም ጋ ደረሰ። በኅዳር ወር 1934 ዓ.ም በቁልቋልበር፣ ቀጥሎም ኅዳር 18 ቀን በጎንደር፣ የጣልያን ጦር ሲሸነፍ ከአርበኞቻችን ጎን የምሥራቅ አፍሪካ ወታደሮች ተዋግተዋል። የእንግሊዝ ጦር ሙታን በአዲስ አበባና በከረን መካነ መቃብሮች በኮሚሽኑ ወጪ ሲጠበቁ ኖረዋል። የእኛ አርበኞች ግን እያንዳንዱን መቃብር በስም የሚመዘግብና ቋሚ ተቀማጭ ያለው እንዲህ ያለ ድርጅት አልነበራቸውም። በየደብሩ ቅጽር ግቢ ተቀበሩ፤ ብዙው በወደቀበት ቀረ። ስማቸው የቆየው በቤተሰብ አፍ፣ በቀረርቶና በተዝካር ነው። የሚያውቁት ሽማግሌዎች ሲያልፉ ስሙም አብሮ ያልፋል፤ እንደዚያ በእርሳስ እንደተጻፈው መስቀል።

ዌር በ1948 ሥራውን ለቆ በሚያዝያ 1949 ሞተ። ኮሚሽኑ በ1960 የኮመንዌልዝ የጦር መቃብር ኮሚሽን ተባለ። በ2021 ይኸው ድርጅት ባወጣው ጥናት በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ከሞቱ አፍሪካውያንና ሌሎች የቅኝ ተገዥ ሕዝቦች ቢያንስ 116,000፣ ምናልባትም እስከ 350,000 የሚሆኑት በስም እንዳልታሰቡ ወይም ጭራሽ እንዳልታሰቡ አምኖ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ የተዘለሉትን ስሞች ከየመዝገቡ ማፈላለግ ተጀመረ። በጥር 2025 በኬፕታውን አንድ አዲስ መታሰቢያ ተመረቀ፤ ከ1,700 በላይ ለሚሆኑ ጥቁር ደቡብ አፍሪካውያን ወዛደሮች ነው። ዌር የትምህርት ዳይሬክተር ሆኖ በሠራበት አገር፣ ለእያንዳንዱ ሟች አንድ የእንጨት ምሰሶ ቆሞ ስሙና የሞተበት ቀን ተቀርጾበታል።