ለወረቀት ተብሎ የመጣ ቅዝቃዜ

መጋቢትና ሚያዝያ ላይ መተማ የገባ ሰው ሙቀቱን አይረሳውም። 40 ዲግሪ ማለፍ እዚያ ብርቅ አይደለም። እኔ ያደግሁት በዚያው ስለሆነ ኤሲን የፈጠረው ሰው ሙቀት ያማረረው ይመስለኝ ነበር። ሕይወቱን ሳነብ ግን የነገሩን መነሻ ማተሚያ ቤት ውስጥ አገኘሁት፤ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደግሞ ይህ የቤታችን ወሬ ነው።

ዊሊስ ካሪየር በ1876 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኒውዮርክ ግዛት፣ አንጎላ በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። ክፍልፋይ ሒሳብ አልገባ ሲለው እናቱ ፖም እየቆረጠች እንዳስረዳችው ይነገራል። እሷን ገና በ11 ዓመቱ አጣት። በ1901 ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ በሳምንት 10 ዶላር ተቀጠረ።

በቀጣዩ ዓመት ብሩክሊን ያለ አንድ ማተሚያ ቤት ተቸገረ። ባለቀለም ሕትመት በየቀለሙ ተራ በተራ ስለሚታተም፣ ወረቀቱ በመሀል እርጥበት ጠጥቶ ከተለጠጠ ቀለሞቹ አይገጥሙም። ካሪየር በሐምሌ 1902 መፍትሔውን ነደፈ፤ አየሩ በቀዝቃዛ ቱቦዎች ላይ ሲያልፍ እርጥበቱ ጠል ሆኖ ይቀራል። በ1906 የፈጠራ መብት አገኘ፣ በ1911 የአየርንና የእርጥበትን ስሌት ለመሐንዲሶች አቀረበ፣ በ1915 ከስድስት ባልደረቦቹ ጋር የራሱን ኩባንያ አቋቋመ። በ1925 ኒውዮርክ የሚገኘውን ሪቮሊ ሲኒማ ቤት አቀዘቀዘ። ቅዝቃዜው ከወረቀት አልፎ ለተራው ሰው የደረሰው እንዲህ እንዲህ እያለ ነው። ካሪየር በ1950 አረፈ።

የሰውዬው ዋና ጠላት እርጥበት ነበር። ይህ የገባኝ በዕረፍት መተማ ሄጄ ነው። የአጎቴ ሱቅ ኤሲ በተገጠመ በሁለት ወሩ ማቀዝቀዝ አቆመ። የመጀመሪያው ገጣሚ የውስጡንና የውጪውን ክፍል የሚያገናኙትን ሁለት የመዳብ ቱቦዎች አጥብቆ፣ በቫኪዩም ፓምፕ ሳያደርቅ ጋዙን ለቆ ሄዶ ነበር። ቱቦው ውስጥ የቀረ እርጥበት በጠባቡ መተላለፊያ በረዶ ሆኖ ይዘጋል፤ ከዘይቱ ጋር ተዋህዶም ኮምፕረሰሩን ይበላል። ሁለተኛው ባለሙያ ግን ፓምፑን ሰክቶ፣ አየሩና እርጥበቱ ተስቦ እስኪወጣ በዚያ ሁሉ ሙቀት ቁጭ ብሎ ጠበቀ። አጎቴ ለምን ይህን ያህል እንደሚቆይ ቢጨንቀውም እኔ ምክንያቱን አውቄዋለሁ። ካሪየር ከወረቀት ላይ ያባረረውን እርጥበት እሱ ከቱቦ እያስወጣ ነበር።