ስለ ደም ግፊታቸው ያልጠየቁት ፕሬዚዳንት

ለዚህ እትም የመረጥንላችሁ የፍራንክሊን ሩዝቬልትን የሕይወት ታሪክ ነው። ስለ ጦርነቱና ስለ ፖለቲካቸው በታሪክ ትምህርት ብዙ ሰምተናል። እኛ ዛሬ የምናነሣው ስለ ልባቸውና ስለ ደም ሥራቸው ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሩዝቬልት በ1882 በኒው ዮርክ፣ ሃይድ ፓርክ በተባለ ቦታ ከሀብታም ቤተሰብ ተወለዱ። በ1921 ፖሊዮ ነው የተባለ በሽታ ይዟቸው እግሮቻቸው ሽባ ሆኑ። ሌላ ሰው ቢሆን ቤቱ ይቀመጥ ነበር። እርሳቸው ግን በብረት ድጋፍ መቆምን ተለማምደው በ1933 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ለመሆን በቁ፤ በጠቅላላው አራት ጊዜ ተመረጡ። በፌብሩዋሪ 1945 ከያልታ ጉባዔ ሲመለሱም ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴን በግብፅ ውሃ ላይ፣ ኩዊንሲ በተባለች የጦር መርከብ ተቀብለው አነጋግረዋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን ታዲያ ሌላ ጠላት በውስጣቸው ያድግ ነበር። በ1935 የደም ግፊታቸው 136 በ78 ነበር። በ1937 ወደ 162 በ98 ወጣ፤ በ1941 ደግሞ 188 በ105 ደረሰ። ቁጥሩ እንዲህ ሲወጣ ምን ተደረገ? ምንም ያህል አልተደረገም። የግል ሐኪማቸው የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ነበሩ። በዚያ ዘመን ብዙ ሐኪሞችም ዕድሜ ሲገፋ ግፊት መጨመሩ የተፈጥሮ ነገር ነው ብለው ያምኑ ነበር።

በማርች 1944 ድካማቸው ስለ በዛ፣ ሃዋርድ ብሩን የሚባሉ የልብ ሐኪም መረመሯቸው። ግፊቱ 186 በ108 ሆኖ፣ ልባቸውም ሰፍቶና ሥራው ተዳክሞ ተገኘ። ሐኪሙ ዲጂታሊስ የተባለውን የልብ መድኃኒት ሰጧቸው፤ ጨውና ሲጋራ እንዲቀንሱ፣ ዕረፍት እንዲያደርጉም መከሯቸው። ለጊዜው ተሻላቸው። ግፊቱን በደንብ የሚያወርድ መድኃኒት ግን ገና አልነበረም። የሚያስገርመው ደግሞ፣ ፕሬዚዳንቱ ሐኪሙ ለምን እንደሚመላለሱ እንኳ አለመጠየቃቸው ነው። ሕዝቡም ጤናቸው ደህና መሆኑ ብቻ ይነገረው ነበር።

አፕሪል 12 ቀን 1945 በጆርጂያ፣ ዋርም ስፕሪንግስ ተቀምጠው ሥዕላቸው ሲሣል፣ ማጅራታቸውን ብርቱ ሕመም ያዛቸው። ወዲያው ራሳቸውን ሳቱ፤ ደም በአንጎላቸው ውስጥ ፈስሶ በዚያው ቀን አረፉ። ገና የ63 ዓመት ሰው ነበሩ። የአውሮፓው ጦርነት ሊያበቃ አንድ ወር እንኳ አልቀረውም ነበር።

ከሞታቸው ሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1948፣ ተተኪያቸው ትሩማን ለልብ በሽታ ምርምር የወጣውን ሕግ ፈረሙ። በዚያው ዓመት ፍራሚንግሃም በተባለች ከተማ 5209 ሰዎችን ለረዥም ዘመን የተከታተለ ጥናት ተጀመረ። የደም ግፊት፣ ኮሌስትሮልና ሲጋራ ልብን እንደሚጎዱ በሰፊው ያስረዳው ይኸው ጥናት ነው። በ1958 ደግሞ ክሎሮታያዛይድ የተባለ የሚዋጥ የግፊት መድኃኒት ለሕሙማን ቀረበ።

እንግዲህ እኛ ዕጩ መምህራን ምን እንማር? የደም ግፊት ብዙውን ጊዜ አያምም። ስለዚህ አላመመኝም ማለት ጤነኛ ነኝ ለማለት አያበቃም። ለመለካት ግን ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። ሩዝቬልት መለኪያው ነበራቸው፤ መድኃኒቱን አላገኙትም። ዛሬ ሁለቱም በብዙ ጤና ጣቢያ ይገኛሉ። ነገ በየገጠሩ ስንመደብ ተማሪውም ወላጁም እኛን ያያል። ጨው መቀነስን፣ ከሲጋራ መራቅን፣ በእግር መሄድን ከራሳችን እንጀምር። በመጪው ዕረፍት አገር ቤት ስንገባም እናት አባቶቻችንን ይዘን እናስለካ፣ ቁጥሩንም ጠይቀን እንጻፈው። መድኃኒት የተሰጠው ሰው ካለ ተሻለኝ ብሎ በራሱ እንዳያቆም እንምከረው። አበው እንደሚሉት ሳይቃጠል በቅጠል ነው።