የሯጩ አከርካሪ፤ የሻምበል አበበ ቢቂላ ሁለት ሕይወቶች

ሻምበል አበበ ቢቂላ በዓለም ዘንድ የታወቀው በእግሮቹ ነው። የመጨረሻዎቹን አራት ዓመታት ሕይወቱን የወሰነው ግን በአንገት አጥንቶች መካከል የሚያልፍ፣ ውፍረቱ ከትንሽ ጣት የማይበልጥ የነርቭ ገመድ ነበር። ስለ ሁለቱ የማራቶን ድሎቹ ብዙ ተነግሯል፤ ስለ እነዚያ አራት ዓመታት ግን የሚነገረው ጥቂት ሲሆን፣ እሱም ቢሆን በአመዛኙ የኀዘን ወሬ ነው። ነገሩ በቅርብ ሲመረመር ግን በዚያ ዘመን ያሳየው ትግል ከቀድሞዎቹ ድሎች የሚያንስ አይደለም።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሸዋ፣ ጃቶ በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። ወደ አዲስ አበባ መጥቶ የክቡር ዘበኛ ወታደር ከሆነ በኋላ በስዊድናዊው አሠልጣኝ በኦኒ ኒስካነን እጅ ለሩጫ ታነጸ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ አገሩ የዘመን መለወጫን ዋዜማ ስታከብር፣ እሱ ሮማ ከተማ ላይ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጸመ። ፋሺስቶች ከአክሱም ዘርፈው ያቆሙት ሐውልት በነበረበት አደባባይ አጠገብ ፍጥነቱን ጨምሮ ከሞሮኳዊው ተፎካካሪው ተለየ። ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ወርቅ በዚያች ምሽት ተገኘ። ሐውልቱም ከብዙ ዓመታት በኋላ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል።

ሩጫ የእግር ሥራ ብቻ ቢመስልም የአከርካሪም ሥራ ነው። ሯጭ መሬት በረገጠ ቁጥር ከመሬት የሚመለሰው ኀይል የሰውነቱን ክብደት ሁለትና ሦስት እጥፍ ይሆናል። ይህ ኀይል ሳይበርድ ወደ ላይ ቢወጣ አንጎልን ባናወጠ ነበር። ከሚያበርዱትም አንዱ አከርካሪው ነው። አከርካሪ መሐንዲስ እንደሚያቆመው ምሰሶ ወጥና ቀጥ ያለ አይደለም። 33 አጥንቶች አሉት፤ 7 በአንገት፣ 12 በደረት በስተኋላ፣ 5 በወገብ ሲሆኑ፣ ከእነዚህ በታች ያሉት 5 አጥንቶች ተጣብቀው በዳሌ መካከል ይገኛሉ፤ የቀሩት 4 ትንንሾች ከሁሉ ግርጌ ናቸው። አብዛኞቹን ተንቀሳቃሽ አጥንቶች አንዱን ከሌላው የሚለያቸው ትራስ መሰል ልም አጥንት አለ። በጎን ሲታይም ዐምዱ በአንገትና በወገብ ወደ ፊት፣ በደረት ወደ ኋላ የጎበጠ ስለሆነ እንደ ሞላ ይለጠጣል፤ ይሰበሰባልም።

ከሁሉ የሚያስደንቀው የአንገት ክፍል ነው። አራት ወይም አምስት ኪሎ የሚመዝነውን ጭንቅላት የሚሸከሙት ሰባት ቀጫጭን አጥንቶች ናቸው። የመጀመሪያው ቀለበት መሰል ሆኖ ጭንቅላቱን ይቀበላል፤ ሰው እሺ ብሎ ራሱን ሲነቀንቅ በዋናነት የሚንቀሳቀሰው ይህ መገናኛ ነው። ሁለተኛው በቀለበቱ ውስጥ የሚገባ ጥርስ መሰል ጉጥ አለው፤ ሰው እምቢ ብሎ ራሱን ሲያወዛውዝ ቀለበቱ በዚህ ጉጥ ዙሪያ ይሽከረከራል። ሆኖም ክፍሉ እንደ ልብ ለመንቀሳቀስ የተሠራ በመሆኑ፣ በጎድን አጥንቶች የታጠረውን የደረቱን ክፍል ያህል ከአደጋ የተጠበቀ አይደለም።

አበበ በቶኪዮ ኦሎምፒክ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ከአርባ ቀን ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ሮጦ ተከታዩን በአራት ደቂቃ ቀደመ። የኦሎምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ግን እግሩን ታሞ ስለ ነበር ሩጫውን አቋረጠ፤ ድሉም ለአገሩ ልጅ ለማሞ ወልዴ ሆነ።

ከዚያ አምስት ወር ያህል ቆይቶ፣ መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት፣ የሚነዳት ቮልስዋገን ተገለበጠች። አበበ ከመኪናው ውስጥ መውጣት ተስኖት አደረ፤ የተገኘውም በማግስቱ ማለዳ ነው። ወደ ክቡር ዘበኛ ሆስፒታል ሲደርስ ከአንገቱ በታች ያለው አካሉ አይታዘዝለትም ነበር።

እዚህ ላይ የጉዳቱን ባሕርይ መረዳት ያስፈልጋል። በአከርካሪው መካከል ባለው ቦይ ውስጥ ኅብለ ሰረሰር ያልፋል። ርዝመቱ ወደ 45 ሳንቲ ሜትር ይጠጋል፤ ከአንጎል የሚወጣው ትእዛዝና ወደ አንጎል የሚመለሰው ስሜት የሚተላለፉት በእሱ ነው። በአንድ የስልክ ኬብል ውስጥ ብዙ ሽቦዎች እንደሚያልፉና መንገድ ላይ እየተለዩ ወደየቤቱ እንደሚገቡ፣ ከኅብለ ሰረሰሩም 31 ጥንድ ነርቮች በየደረጃው ይወጣሉ። በአንገት ከሚወጡት 8 ጥንዶች ውስጥ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ያሉት ዋናውን የመተንፈሻ ጡንቻ ያንቀሳቅሳሉ። አምስተኛውና ስድስተኛው ትከሻን ያነሣሉ፣ ክርንን ያጥፋሉ። ሰባተኛው ክርንን ይዘረጋል፤ ስምንተኛው ጣቶችን ያስጨብጣል። ኬብሉ በተቆረጠበት ቦታና ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ዝም ይላል። የአንድ የአንገት አጥንት ቁመት ሁለት ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ በመተንፈስና ባለመተንፈስ፣ እጅን በማዘዝና ባለማዘዝ መካከል ያለው ርቀትም ይህንኑ ያህል ነው።

ከዚህም የተነሣ አጥንቱ ተሰብሮ ኅብለ ሰረሰሩ ገና ያልተጎዳ ሰው በአነሣሥ ስሕተት ብቻ ሽባ ሊሆን ይችላል። ጉዳዩ የአንድ ታዋቂ ሰው ብቻ አይደለም። አበበ ካደገበት ከሸዋ አገር በደብረ ብርሃንና በደሴ አልፎ፣ ከውጫሌ ቁልቁል ወደ ሀብሩ ወርዶ በመርሳ በኩል ወልድያ በሚደርሰው አውራ ጎዳና መኪና ሲገለበጥ፣ መንገደኛው ሁሉ ተረባርቦ የተጎዳውን በእጅና በእግሩ ይዞ ይጎትታል። ርኅራኄው የሚመሰገን ቢሆንም አያያዙ ጉዳቱን ያብሳል። እሳት ወይም ሌላ አስቸኳይ አደጋ ከሌለ በቀር፣ አንገቱ የተመታ ሰው ራሱና ደረቱ በአንድ መስመር ተይዘው፣ አንገቱ ሳይጣመምና ሳይሳብ፣ በብዙ እጅ በአንድ ጊዜ ተነሥቶ በጠፍጣፋ ነገር ላይ መተኛት አለበት። የሀብሩ ደገኛ ሕመምተኛውን ተሸክሞ ወደ መርሳ ወይም ወደ ወልድያ የሚወርድበት ቃሬዛ፣ ሳንቃ ከተነጠፈበትና በራሱ ግራና ቀኝ ጋቢ ተጠቅልሎ ከተደገፈ፣ ለዚህ ሥራ የሚስማማ ነው። ወጌሻም ለእጅና ለእግር ስብራት ልምድ ቢኖረው፣ አንገትን መጎተትና ማሸት ግን የለበትም።

አበበ መጋቢት 20 ቀን ወደ እንግሊዝ አገር፣ ስቶክ ማንደቪል ወደተባለው ሆስፒታል ተወሰደ። ይህን ማእከል በ1936 ዓ.ም. ያቋቋሙት ከናዚዎች ሸሽተው እንግሊዝ የገቡት አይሁዳዊው ሐኪም ሉድዊግ ጉትማን ነበሩ። ከእሳቸው በፊት ኅብለ ሰረሰሩ የተጎዳ ወታደር ብዙውን ጊዜ በአልጋ ቁስልና በሽንት ቧንቧ መመረዝ ይሞት ነበር፤ ሐኪሞችም ተስፋ የሌለው አድርገው ይመለከቱት ነበር። የጉትማን ዘዴ ውድ መሣሪያ የሚፈልግ አልነበረም። ሕመምተኛው ሌሊትም ቀንም በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጣል፤ ፊኛው በንጽሕና ይያዛል፤ ያልሞተው ጡንቻ በሥራና በስፖርት ይጠነክራል። ሐምሌ 22 ቀን 1940 ዓ.ም.፣ የለንደን ኦሎምፒክ በተከፈተበት ዕለት፣ በሆስፒታሉ ሜዳ 16 ጉዳተኞች በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው በቀስት ተወዳደሩ። ይኸው ውድድር አድጎ በመስከረም 1953 ዓ.ም. በሮማ ተካሄደ፤ ኋላም የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተባለ። አበበ በባዶ እግሩ ሮጦ ካሸነፈ ገና ስምንት ቀን መሆኑ ነበር። በዚያች ከተማ ከእሱ ቀጥለው የተወዳደሩት ሰዎች ከዘጠኝ ዓመት በኋላ የእሱ ወገኖች ሆኑ።

አበበ በስቶክ ማንደቪል ስምንት ወር ቆየ። መጀመሪያ ላይ ራሱን እንኳ ማዞር አይችልም ነበር። የተመታ ኅብለ ሰረሰር ያብጣል፤ ለጊዜውም ያልተቆረጡት መስመሮች ጭምር ሥራቸውን ያቆማሉ። እብጠቱ ሲቀንስ ከእነዚህ የተረፉት ይነቃሉ። በአበበም የሆነው ይህ ነው፤ እጆቹ ቀስ በቀስ ተመለሱለት፣ እግሮቹ ግን እንደ ከዱት ቀሩ። ሁለት ጊዜ ዓለምን ያሸነፉት እግሮች ሲቀሩ፣ እስከዚያ ድረስ ማንም ልብ ያላላቸው ክንዶቹ የቀረ ሀብቱ ሆኑ።

አበበም በእነሱ ሠራ። በ1962 ዓ.ም. በስቶክ ማንደቪል ጨዋታዎች በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ። በ1963 ዓ.ም. ወደ ኖርዌይ በእንግድነት ተጋብዞ ሄደና ተወዳዳሪ ሆነ፤ በበረዶ ላይ በተንሸራታች በሚደረገው የአገር አቋራጭ ውድድርም 16 ተፎካካሪዎችን አሸነፈ። የበረዶ ላይ ውድድር ባልተለመደበት አገር ለተወለደ ሰው ይህ ሦስተኛ ድል ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1964 ዓ.ም. መጨረሻ በሙኒክ ኦሎምፒክ በክብር እንግድነት ሲገኝ ሕዝቡ ተነሥቶ አጨበጨበለት።

ሆኖም አከርካሪው የተጎዳ ሰው አደጋው አንድ ቀን ብቻ ደርሶ የሚያልፍለት አይደለም። ኅብለ ሰረሰሩ ከደረት አጋማሽ በላይ ሲጎዳ የደም ሥሮችን የሚቆጣጠረው መስመርም ይቋረጣል፤ የሞላ ፊኛ ወይም ቁስል የደምን ግፊት በድንገት ሊያንረው ይችላል። ስለዚህ የዕለት ተዕለት ጥንቃቄው እስከ ዕድሜ ልክ ይዘልቃል። አበበ ከአደጋው ጋር በተያያዘ ሕመም፣ በአንጎሉ ውስጥ ደም ፈስሶ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አዲስ አበባ ላይ ዐረፈ። ንጉሠ ነገሥቱና እጅግ ብዙ ሕዝብ በተገኙበት በወታደራዊ ክብር በቅዱስ ዮሴፍ መካነ መቃብር ተቀበረ።

አበበ የታከመው አገሩ በአውሮፕላን ልትልከው ስለ ቻለች ነው፤ ይህ ዕድል ለብዙው ወገኑ አልነበረም። ዳሩ ግን በእንግሊዝ አገር ካገኘው ሕክምና ትልቁ ክፍል ባሕር ማዶ ብቻ የሚገኝ አልነበረም። የቀና አነሣሥ፣ በሰዓቱ መገላበጥ፣ ንጽሕና፣ የተረፈውን ክንድ ማሠራት፣ ከሁሉም በላይ የሕመምተኛውን ተስፋ አለመቁረጥ በማንኛውም የወረዳ ሐኪም ቤት፣ በማንኛውም ቤተሰብ ዘንድ ሊፈጸሙ የሚችሉ ናቸው።